ለሚነዝረው በራችን ስለተሰጠው ሕጋዊ እውቅና

ለተከበሩ የወረዳችን የቤቶች አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ የእርስዎን ጤና፣ የመላ ቤተሰብዎን ጤና፣ በተለይም የቀኝ እጅዎን ጤና ከልቤ እመኛለሁ። እጅዎን ለይቼ ማንሳቴ እንዳያስገርምዎት። እጅ ለባለሥልጣን የፊርማ መሣሪያ ነው፤ በእኛ ቤት ደግሞ በር የሚከፈትበት በመሆኑ ዋጋውን ከብዙ ሰው ቀድመን ለማወቅ በቅተናል።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎት በድፍረት አይደለም። ከዚህ በፊት በፖስታ አሽጌ ያስገባኋቸው ማመልከቻዎች በጽሕፈት ቤትዎ ምቹ መደርደሪያ አግኝተው ተኝተዋል ስለተባልኩ፣ እነሱን ከእንቅልፋቸው መቀስቀሱ ነውር ሆኖብኝ ነው።

እኔ መርካቶ ውስጥ ከእህል በረንዳ ጀርባ ባለው ግቢ ከባለቤቴ ከኤልሳቤት ጋር የምኖር የቀበሌ ቤት ተከራይዎ ነኝ። ቤቱን መቼም ያውቁታል፤ ባያውቁትም የሚያስተዳድሩት እርስዎ ነዎት። አንድ መስኮትና አንድ በር አለው። መስኮቱ የብረት ፍርግርግ ስላለበት ለመተንፈሻ እንጂ ለመውጫ አይሆንም። በሩ ላሜራ ነው። በግድግዳው ላይ የሚዞረው የመብራት ሽቦ ደግሞ አሉሚኒየም ነው፤ በአባቴ ዘመን ለሰፈሩ መብራት ያስገቡት ሰዎች ከምሰሶ ሥራ የተረፈውን ገመድ ቤት ውስጥ ብንዘረጋው ማን ያያል ብለው የተዉልን ሲሆን፣ እውነትም እስካሁን ያየ የለም።

ስለ አሉሚኒየም ያነበብኩትን ጥቂት ባካፍልዎት ደስ ይለኛል። መዳብ እንደ ጨዋ ሰው ነው፤ በብሎን አጥብቀው ካሰሩት በተቀመጠበት ይገኛል። አሉሚኒየም ግን ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲበርድ ይሰበሰባል፣ ውሎ አድሮ ከብሎኑ ሥር ይላላና መጋጠሚያው ላይ መጋል ይጀምራል። ሲያረጅ ደግሞ ሁለት ጊዜ ካጎበጡት ይሰበራል። ስለዚህ ሳይነኩት ያስፈራል፣ ቢነኩትም ይብሳል። ከመሥሪያ ቤቶች ጋር የሚመሳሰልበትን ነገር ለማንሳት አስተዳደጌ ስለማይፈቅድልኝ ወደ አቤቱታዬ እገባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ በሩ።

ሽቦው ወደ ቤታችን የሚገባው ከበሩ በላይ ባለው የቆርቆሮ ቀዳዳ በኩል ነው፤ ልባሱም እዚያው ላይ ተልጧል። በፀሐይ ጊዜ ምንም የለም፤ እንግዳ ቢመጣ ቤታችሁ ደስ ይላል ብሎን ይሄዳል። ዝናብ ሲጥል ግን ቆርቆሮው መብራት ይጠጣል፣ ለበሩም ያካፍለዋል። ያለፈው ክረምት ሲገባ ኤልሳቤት ከሸማ ተራ የተቀበለችውን ጥልፍ ጨርሳ ልታስረክብ በሩን ስትከፍት ያዛት። ያዛት ስል ነዝሮ ለቀቃት ማለቴ አይደለም። እጇ ከመያዣው አልላቀቅ አለ። እኔ የምገፋበት እንጨት ፍለጋ ከአልጋ ሥር እያለሁ፣ በዚያች ቅጽበት የሰፈሩ መብራት ሄደና ተፈታች። ከዚያን ቀን ወዲህ በሬዲዮ ስለ መብራት መቆራረጥ የሚያማርር ሰው ስሰማ አስተያየት ከመስጠት እቆጠባለሁ።

የባለቤቴ የቀኝ እጅ ሁለት ጣቶች እስከ ዛሬ የመርፌ ጫፍ አይለዩም። በጥልፍ ለምትተዳደር ሴት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማብራራቱን ትቼዋለሁ።

እንግዲህ ዝናብ ሲጥል ከቤት አንወጣም። ለምን መብራቱን አታጠፉትም ይሉኝ ይሆናል፤ ጥያቄዎ የአዋቂ ጥያቄ ነው። ማጥፊያው ያለው ቆጣሪው ዘንድ ነው፤ ቆጣሪው ያለው ከበሩ ውጪ ነው። ስለሆነም ለመውጣት መብራቱን ማጥፋት፣ መብራቱን ለማጥፋትም መውጣት ያስፈልጋል። የላስቲክ ጓንትም የመወልወያ እንጨትም አዘጋጅተን ነበር፤ ኤልሳቤት ግን ደመና ካየች በሩን በምንም ነገር አትነካም፣ እኔም አንቺ ፈሪ ለማለት ብቃቱ የለኝም። አንድ ተስፋችን ቆጣሪውን የምንጋራቸው ጎረቤታችን እትዬ ሀጅራ ናቸው። እሳቸው ቤት ካሉ ስንደውልላቸው ወጥተው ያጠፉልናል፣ እንወጣለን፣ መልሰው ያበሩታል። ስልኩን ሲያነሱ ሰላምታቸው እንደ እስር ቤት ጠባቂ «ፍቺ ነው ወይስ ለሕክምና ነው?» የሚል ሆኗል። በርበሬ የሚሸጡበት ቦታ ከሆኑ ደግሞ፣ «ማሙሸት፣ ዛሬ ፍቺ የለም፤ ሚዛን ላይ ነኝ። ከሚስትህ ጋር ተጫወት» ብለው ይዘጉታል። ከኤልሳቤት ጋር የሚያጫውተንን ሁሉ ተጫውተን ጨርሰናል፤ አሁን ዝናቡን ነው የምናዳምጠው።

ሁለተኛ፤ ስለ ጽሕፈት ቤትዎ መስተንግዶ።

መጀመሪያ መብራት የሚመለከተው መብራት ሰጪውን ነው ብለን ወደዚያ ሄድን። እዚያ በትህትና እንደተነገረን ከቆጣሪው ወዲህ ያለው ሽቦ የቤቱ ባለቤት ነው። የቤቱ ባለቤት መንግሥት ስለሆነ ወደ እርስዎ መጣን። በእርስዎ ዘንድ ያሉት ባለሙያ ደግሞ፣ እሳቸውም በትህትና፣ ሽቦ የቤት አካል ሳይሆን የተጠቃሚ ንብረት መሆኑን አስረዱን። እንግዲያው ንብረታችን ከሆነ እንቀይረው ስንል፣ አይሆንም፣ ቤቱ የመንግሥት ስለሆነ ግድግዳው ላይ ያለ ነገር ያለ ፈቃድ አይነካም አሉን። ከዚህ የተረዳሁት ሽቦው ሲያቃጥል የእኛ፣ ሲቀየር የእናንተ መሆኑን ነው። ውሉን እንዲህ በግልጽ ያስረዳን አልነበረምና አመሰግናለሁ።

ፈቃድ ስንጠይቅ አካባቢው ለመልሶ ማልማት የተያዘ በመሆኑ ጥገና እንደማይፈቀድ ተነገረን። መቼ ይለማል ብንል አልተወሰነም። እንግዲያው ሌላ ቤት ስጡን ብንል፣ ስላልተወሰነ ምትክ ቤት አይሰጥም። ቢያንስ ሽቦው አደገኛ መሆኑን የሚያጣራ ሰው ላኩልን ስንል ግን ፊታቸው በራ። ይህ ይቻላል፤ ባለሙያው መጥቶ ያረጋግጣል፣ ከተረጋገጠ በልዩ ሁኔታ ይታያል። ደስ ብሎን ቀን እንዲቆረጥልን ስንጠብቅ የመጣው መልስ ይህ ነበር፤ በማመልከቻችን ላይ ቤቱ አደገኛ ነው ብለን ስለጻፍን፣ የጽሕፈት ቤቱ የደኅንነት ደንብ ደግሞ ሠራተኛን አደጋ ወዳለበት ቤት መላክ ስለሚከለክል፣ አደገኛ አለመሆኑን ጽፈን ካመለከትን ማጣራቱ ይካሄዳል። ኤልሳቤት ይህን ስነግራት ጥልፏን አስቀመጠችና ብዙ ሳቀች። እንደዚያ ከሳቀች ቆይታ ነበርና ለዚህም ምስጋናዬ ይድረስዎት።

ሦስተኛ፤ በራሳችን ጥፋት ስለገዛነው ዕቃ።

ፈቃድ ባይኖርም ፍርሃት ነበረንና ሙናዊር የሚባል ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠራን። ሙናዊር ዱባይ ተራ ውስጥ ትንሽ ሱቅ ያለው፣ እጁ ፈጣን፣ አፉ ከእጁ የሚፈጥን ወጣት ነው። «ጋሼ፣ ቆጣሪው ዘንድ አንድ ዕቃ አስገባልሃለሁ፤ ከዚያ በኋላ በሩን አቅፈህ ብታድር አይነካህም» አለኝ። ገበያው ሊኬጅ የሚለው መከላከያ ነው። አሠራሩ በእህል በረንዳ ቋንቋ ቀላል ነው፤ በአንዱ ሽቦ የሄደውንና በሌላው የተመለሰውን መብራት ያመዛዝናል። ጥቂት እንኳ በሰው ገላ በኩል ወደ መሬት ከፈሰሰ ሚዛኑ ይዛባል፣ ዕቃውም ልብ ሳይቆም በፊት መብራቱን ይቆርጠዋል። የመሬት ሽቦ በሌለው እንደኛ ባለ ቤትም ይሠራል።

ሙናዊር ግን ፍጥነቱ በዛና የአሉሚኒየሙን ጫፍ ከመዳብ ጋር ጠምዝዞ በናስትሮ ጠቀለለው። ናስትሮ ማለት እርስዎም ቤት የሚገኘው ጥቁር የሽቦ ፕላስተር ነው፤ በአገራችን የማይጠግነው ነገር የለም ተብሎ ይታመናል። ሁለቱ ብረቶች እንዲሁ ከተጠማዘዙ መጋጠሚያው እየዛገ እሳት እንደሚያስነሳ አንብቤ ስለነበር ተከራከርን። «ጋሼ፣ መጽሐፍ ሽቦ አይቀጥልም» አለኝ። በማግሥቱ ናስትሮው ቀልጦ ሲያገኘው ግን ሄዶ ለሁለቱ ብረቶች ተብሎ የተሠራውን ባለ ቅባት ማያያዣ ይዞ መጣና ከመከላከያው ጋር የሚገናኘውን ጫፍ ሁሉ በመዳብ አስረዘመው። ቅያሜ የለንም።

አሁን ተፈታን ስንል አዲስ ጉድ መጣ። እትዬ ሀጅራ የኤሌክትሪክ ምድጃቸውን ሲያበሩ የእኛ ቤት ይጨልማል። ሲያጠፉ እናበራለን፣ ሲያበሩ እንጨልማለን። ሙናዊር ዕቃውን ፈትሾ ጤነኛ መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ መብራት እየተሰረቅክ ነው» አለኝ። ድምፁ ግን ዝቅ ሲል እንኳ ከግቢው ያልፋል። እትዬ ሀጅራ ምድጃቸውን ተሸክመው መጥተው በራችን ላይ አስቀመጡት፤ «እንካ፣ የሰረቅኩህን ውሰድ» ብለውኝ ተመለሱ። ኤልሳቤት ዕቃውን ገና ስላላመነችው፣ ከዚያ በኋላ በዝናብ የሚፈታን ሰው እንኳ አልነበረንም። ስደውል አያነሱም፤ ሲያነሱም «ሌባ ቁልፍ አይይዝም» ይላሉ።

ነገሩ የተገለጠው ሙናዊር ራሱ አፍሮ ጣሪያ ላይ ከወጣ በኋላ ነው። ለካስ የእትዬ ሀጅራ መብራት በራሱ ሽቦ ሄዶ በእኛ ቤት ሽቦ ነው የሚመለሰው። በድሮ ጊዜ ሽቦ ሲያልቅባቸው አባቴና የእትዬ ሀጅራ ባል ተነጋግረው የመመለሻውን ሽቦ ከእኛ ቤት ተዋዋሱ። ወንፊትና መሰላል እንደሚዋዋሱት ማለት ነው። ሁለቱም ሞቱ፣ ውሰቱም ተረሳ። ጉርብትናውን ይህ ዕቃ አያውቅ፤ በእሱ በኩል ያልወጣ መብራት ወደ እሱ ሲመለስ አየና ደንግጦ ቆረጠ። በመርካቶ ውስጥ ከሰጠው በላይ ሲመለስለት የሚደነግጥ ፍጡር እስካሁን ይህን አንድ ብቻ አግኝቻለሁ።

እትዬ ሀጅራን ይቅርታ ጠየቅናቸው። «ባሌ በሕይወት እያለ ቤቱን ጥሎ እናንተ ዘንድ የሚያመሸው ለካ መብራቱን ተከትሎ ነው» ብለው ሳቁ፣ ምድጃቸውንም መልሰው ወሰዱ። ለእሳቸው ቤት የራሱ የመመለሻ ሽቦ በመዳብ ተዘረጋ። ሁለቱም ቤት በራ። ዝናብ ሲጥል ሙናዊር በመፈተሻው በሩን ከመሬት ጋር አገናኘው፤ ዕቃው ቀጭ ብሎ ቆረጠ። ኤልሳቤት ከአልጋው ጠርዝ ተቀምጣ ድምፁን ሰማችና እንደገና አድርገው አለችው። እንደገና አደረገው። ያን ሳምንት በዝናብ ዳቦ ገዝታለች።

አራተኛ፤ ስለ ጉብኝትዎ።

አደጋ አለበት ተብሎ ሰው የማይላክበት ቤት፣ አደጋው ሲቀንስ ሰው ተላከበት። ሥራውን የሚያውቁ ሰው መሆናቸውን ከቦርሳቸው የተረዳሁት ተቆጣጣሪዎ መጥተው ግድግዳውን ተመለከቱ። ከበሩ በላይ የተላጠውን ሽቦ አላዩትም፣ ነባር ነውና። የመከላከያውን አዲስ ነጭ ሳጥን ግን ከደጅ ሆነው አዩት። ያለ ፈቃድ የተደረገ ማሻሻያ ነው አሉ፤ ቤቱም ወደ ነበረበት ሁኔታ እንዲመለስ አዘዙ። አብሯቸው የመጣው ሠራተኛ መብራቱን አጥፍቶ መከላከያውን ወደ ጎን ትቶ ሽቦውን እንደ ድሮው በቀጥታ አገናኘው፤ ሳጥኑ ላይም ባለ ማኅተም ወረቀት ተለጠፈ። ኤልሳቤት፣ «ጌታዬ፣ ሲዘንብ በየት ልውጣ?» ብላ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም ይህ የሥራ ድርሻቸው እንዳልሆነ ገልጸው፣ መብራቱ ገና ሳይበራ በበሩ በኩል በሰላም ወጡ። በተዉልን ወረቀት ላይ ቤቱ ሕጋዊ ሁኔታው ተመልሶለታል ይላል። ስለዚህ በራችን ዛሬ ሰው የሚይዘው በሕግ ነው።

አምስተኛ አቤቱታ የለኝም፤ ቁጥሩን ያስቀመጥኩት ለምስጋና ነው። ተቆጣጣሪዎ ማኅተሙን በጥሩ ሙጫ ስለለጠፉት አመሰግናለሁ፤ በዚያ ቤት በደንብ የተጣበቀ ነገር እሱ ብቻ ነው። ቤታችን እንዲለማ ስለታሰበልንም አመሰግናለሁ።

ክቡር ሆይ፤ አሁን ጥቂት ያለ ጨዋታ ልናገር። ክረምቱ ገብቷል። እትዬ ሀጅራ ከጠዋት እስከ ማታ ገበያ ናቸው፤ እኔም ሥራ አለኝ። ኤልሳቤት ብቻዋን ትቀራለች። ቤት ውስጥ አንድ ነገር ቢነሳ፣ እሳት ቢነሳ ማለቴ ነው፣ መውጫዋ ያ በር ነው። ዕቃው ሰው እንዳይያዝ ያደርጋል እንጂ አሉሚኒየሙ እንዳይግል አያደርግም፤ ስለዚህ ሽቦው ራሱ መቀየር እንዳለበት እኔም አውቃለሁ፣ ሙናዊርም ያውቃል፣ እርስዎም ይህን አንብበው አወቁ። እስኪቀየር ድረስ ግን ሚስቴን ከበሩ የሚለያት ያ ነጭ ሳጥን ብቻ ነበር፤ እርስዎም አሸጉት።

ስለሆነም ከሚከተሉት አንዱ እንዲፈቀድልኝ በትህትና እለምናለሁ። ሽቦውን በመዳብ ቀይረን መከላከያውን እንድንጠቀም ይፈቀድልን፤ ይህ ካልሆነ መስኮቱ በር እንዲሆን ይፈቀድልን፤ ይህም ካልሆነ ባለቤቴ በሩን ይዛ ብትሞት አሟሟቷ ከጽሕፈት ቤቱ መመሪያ ጋር የማይጋጭ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ በማኅተም ይሰጠን። ሦስተኛው ፈቃድ እንደማያስፈልገው አውቃለሁ፤ ቀድሞውኑ እየተሠራበት ነው።

መልስዎን እስክናገኝ ዝናቡ ስላልጠበቀን፣ ማኅተሙን ዛሬ ጠዋት በገዛ እጄ ቀድጄዋለሁ። መከላከያውም እንደገና ተገናኝቷል። ያገናኘው ሰው ማን እንደሆነ አልናገርም፤ ሙናዊር ግን በዚያ ሰዓት ዱባይ ተራ ሻይ ሲጠጣ እንደነበር እትዬ ሀጅራ ለመመስከር ዝግጁ ናቸው። ክሱ በእኔ ስም ይጻፍ።

የጽሕፈት ቤትዎ ግድግዳ ደረቅ፣ የቢሮዎ በር እንጨት፣ ዘመንዎ ሁሉ ፀሐይ እንዲሆንልዎት እየተመኘሁ፣ በግድግዳዎ ውስጥ በአደራ የተቀመጥኩ፣ ኪራዩን በወቅቱ የሚከፍል፣ በዝናብ ጊዜ ሁልጊዜም ቤቱ የሚገኝ ታዛዥ ተከራይዎ፤

ማሙሸት

ከፊርማዬ በኋላ የተጨመረ፤ ይህን ደብዳቤ አጥፌ ዝናቡ እስኪያባራ ስጠብቅ፣ ከጽሕፈት ቤትዎ የተላከ አንድ ጎልማሳ ውሃ እየተንጠባጠበ መጥቶ በራችንን ያዘ። ቀጭ አለና የእኛ ቤት ብቻ ጨለመ። ሰውየው ከውጪ ሆኖ፣ «ምንድን ነው የመታኝ?» አለ። በሩን የከፈተችለት ኤልሳቤት ናት፣ በባዶ እጇ። ወንበር ሰጠችው፤ እጁን እያራገፈ ተቀመጠና ካፖርቱ ሥር የያዘውን ወረቀት አስረከበን። ታሽጎ የነበረው መከላከያ ጨርሶ በአስቸኳይ እንዲነሳ የሚያዝዝ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ነው። አንብበን ፈርመንለታል፤ ወረቀቱም ሰውየውም ምንም አልሆኑም። ሲሄድ ዕቃው ዱባይ ተራ በየትኛው በኩል እንደሚሸጥ ጠየቀን፤ የእናቱም ቤት ቆርቆሮ፣ ሽቦውም እንደኛው ነው። የምትኖረው እርስዎ በሚያስተዳድሩት ቤት ስለሆነ ስሙን እንዳንጽፍ ለምኖናል፤ አልጻፍንም።